ልብን የሚጠብቅ፣ ሆድን የሚያቆስል፦ የልብ መድኃኒቶችና የምግብ መተላለፊያ ቁስለት

መግቢያ

በጥናት መጽሔት ላይ ስለ መሬት ሥሪት፣ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ቋንቋና ስለ ታሪክ የሚጻፈውን ማንበብ የለመደ ሰው፣ ስለ ጨጓራና አንጀት ቁስለት የተጻፈ ሐተታ ሲያጋጥመው ጽሑፉ ቦታውን የሳተ ሊመስለው ይችላል። እኛ ግን ርእሱን ለማንሣት የተገደድንበት ምክንያት አለ። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በወጣትነቱ አገሩን ጥሎ ለንደን የገባው ትውልድ ዛሬ ሰባ ዓመትን አልፏል፣ ወይም ለማለፍ ተቃርቧል። ይህ ትውልድ ሲገናኝ ድሮም የሚነጋገረው ስለ አገር ነበር፤ ዛሬም ስለ አገር ይነጋገራል። ልዩነቱ፣ አሁን ከጭውውቱ መካከል አንዱ ሰዓቱን አይቶ ከኪሱ የክኒን ማስቀመጫ ማውጣቱ፣ ሌላውም «እኔም ረስቼው ነበር» ብሎ ውሃ መጠየቁ ነው። ከሚዋጡት ክኒኖች ብዙዎቹ የልብና የደም ሥር መድኃኒቶች ናቸው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት፣ ሁላችንም «ጋሼ» እያልን የምንጠራቸው አንድ አባት ከልብ ለሚመጣ የደረት ውጋት የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ስድስት ደርሰው ነበር። ምላሳቸውና የጉንጫቸው ውስጥ ቆስሎ ለወራት አልድን አላቸው። መጀመሪያ በርበሬ ተዉ፤ ቀጥሎ ቡና ተዉ፤ ከዚያም ተልባ እየተበጠበጠ ይቀርብላቸው ጀመር። ወደ ሐኪም የምታደርሳቸውና የምታስተረጉምላቸው ሴት ልጃቸው ነበረች። አንድ ቀን እርሷ ስላልተመቻት እኛ አብረናቸው ሄድን። ተራችንን ስንጠብቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሌላም ቦታ ቁስል አለብኝ፤ በሴት ልጄ አፍ ግን እንዴት አድርጌ ላስነግረው?» አሉን። ሁለተኛው ቁስል ያለው በፊንጢጣቸው ላይ ነበር። ሁለቱም ቁስሎች የአንድ የልብ መድኃኒት ውጤቶች መሆናቸው የተጠረጠረው ይህ ነገር ለሐኪሙ ከተነገረ በኋላ ነው።

ይህ ጽሑፍ የልብ መድኃኒቶች ከአፍ እስከ ፊንጢጣ ባለው የምግብ መተላለፊያ ላይ ቁስለት እንዴት እንደሚያመጡ ለማብራራት ይሞክራል። በተለይ ሁለት ስሕተቶችን ለይቶ ማሳየት ይፈልጋል። አንደኛው፣ ማንኛውንም ቁስለት በምግብ፣ በብስጭትና በስደት ማመካኘት ነው። ሁለተኛው፣ ጥፋተኛው መድኃኒቱ መሆኑ ሲጠረጠር በገዛ ሥልጣን መድኃኒቱን ማቋረጥ ነው። የመጀመሪያው ሰውን በሆዱ በኩል፣ ሁለተኛው ደግሞ በልቡ በኩል ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

1. «ጨጓራ» የሚለው ቃል

በቋንቋችን ጨጓራ የአካል ክፍል ስም ነው። ሆኖም ሕዝባችን ቃሉን ከአካሉ አልፎ ለበሽታው ሰጥቶታል። «ጨጓራ አለብኝ» የሚል ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ የማይገባው ኢትዮጵያዊ የለም። ቃሉ ግን የሚያቅፋቸው ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ቃር፣ የምግብ አለመፈጨት፣ የጨጓራ ሽፋን መቆጣት፣ እውነተኛ ቁስለት፣ አንዳንዴም ካንሰር በዚሁ ስም ይጠራሉ። መንስኤውም አስቀድሞ የታወቀ ሆኖ ይቆጠራል፤ በርበሬ፣ ቡና፣ ሰዓቱን ያልጠበቀ ምግብ፣ ንዴት። ከስደት ወዲህ ደግሞ ሐሳብና ናፍቆት ተጨምረውበታል።

ሆድ በእኛ ዘንድ ከምግብ ማከማቻነት በላይ ነው። ምስጢር የሚቀመጠው በሆድ ነው፤ የሚከፋው ሆድ ነው፤ የማይነገር ነገር ሲገጥመንም «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። ይህ አነጋገር በብዙ የኑሮ መከራ ውስጥ አስተዋይነት ሊሆን ይችላል። በሕክምና ክፍል ውስጥ ግን አደጋ ነው። ሆድ የማይፈጀው ነገር አለና፤ እንዲያውም ሆድን ራሱን የሚፈጀው ነገር አለ።

ሳይንስ የቁስለትን ዋና ዋና መንስኤዎች ለይቶ አስቀምጧል። አውስትራሊያውያኑ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንዳሳዩትና በ2005 የኖቤል ሽልማት እንዳገኙበት፣ ከጨጓራና ከትንሹ አንጀት መነሻ ቁስለቶች ብዙዎቹ የሚመጡት ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ከተባለ ባክቴሪያ ነው። ሁለተኛው ታላቅ መንስኤ መድኃኒት ነው፤ በተለይም አስፕሪንና የእርሱ ዘመድ የሆኑት እንደ ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፍናክ ያሉት የሕመም ማስታገሻዎች። በርበሬ የቆሰለውን ያቃጥላል፤ ዋናው አቁሳይ ግን እርሱ አይደለም።

2. አስፕሪን፦ ጥቅሙም ጉዳቱም ከአንድ ሥር

የአስፕሪን ታሪክ ከምንኖርበት አገርና ከተማ ጋር በብዙ ቦታ ይገናኛል። በ1763 ኤድዋርድ ስቶን የተባለ የእንግሊዝ ቄስ የአኻያ ዛፍ ቅርፊት ትኩሳትን እንደሚያበርድ ለንደን ላለው ሮያል ሶሳይቲ በደብዳቤ አስታወቀ። በ1897 ጀርመናዊው ኬሚስት ፌሊክስ ሆፍማን በባየር ኩባንያ ውስጥ ዛሬ የምናውቀውን አስፕሪን በንጹሕ መልኩ አዘጋጀ። በ1938 ደግሞ በለንደኑ ጋይስ ሆስፒታል ዳውትዌይትና ሊንቶት የተባሉ ሐኪሞች በዘመኑ አዲስ በነበረው የጨጓራ መመልከቻ መሣሪያ ተጠቅመው አስፕሪን የጨጓራን ሽፋን እንደሚያስቆጣ በዓይናቸው አይተው አሳተሙ። መድኃኒቱ ለልብ ይጠቅማል ከመባሉ ከብዙ ዓመታት በፊት ጨጓራን እንደሚጎዳ ታውቆ ነበር ማለት ነው።

ለልብ መጥቀሙ የተረጋገጠው ቀስ በቀስ ነው። በ1974 ፒተር ኤልውድ፣ አርቺ ኮክሬንና ባልደረቦቻቸው በካርዲፍ ባደረጉት ጥናት ድንገተኛ የልብ ሕመም ደርሶባቸው የዳኑ 1,239 ወንዶች ተካፈሉ። ውጤቱ ተስፋ ሰጪ እንጂ ቁርጥ ያለ አልነበረም። ከዐሥራ አራት ዓመታት በኋላ ግን በኦክስፎርድ አስተባባሪነት የተካሄደውና 17,187 ሕመምተኞችን ያቀፈው የ1988ቱ ጥናት ጥርጣሬውን አስወገደ። ድንገተኛ የልብ ሕመም ለተጠረጠረባቸው ሰዎች ለአንድ ወር በየቀኑ 160 ሚሊግራም አስፕሪን ሲሰጣቸው ከልብና ከደም ሥር የሚመጣው ሞት በ23 በመቶ ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ አስፕሪን በዓለም ሁሉ የልብ ሐኪሞች የዘወትር መሣሪያ ሆነ።

ጥቅሙና ጉዳቱ ለምን እንደማይነጣጠሉ ያስረዳው ሥራ የተሠራው እዚሁ ለንደን ነው። ጆን ቬን በ1971፣ ሊንከንስ ኢን ፊልድስ በሚገኘው በቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ሲሠሩ፣ አስፕሪን ፕሮስታግላንዲን የተባሉት ንጥረ ነገሮች በሰውነት ውስጥ እንዳይሠሩ እንደሚያግድ አሳዩ። ለዚሁ ሥራ በ1982 ከሁለት ስዊድናውያን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

ነገሩን በቀላል አነጋገር ለማስቀመጥ ያህል፣ በደማችን ውስጥ ፕላትሌት የሚባሉ ደምን የሚያረጉ ጥቃቅን አካላት አሉ። የደም ሥር ሲደማ ተሰባስበው ይደፍኑታል፤ የልብ ደም ሥር ውስጥ ያለ ስብ ሲሰነጠቅም እንዲሁ ተሰባስበው ደም የሚያልፍበትን መንገድ ይዘጋሉ። እንዲሰባሰቡ የሚያደርጋቸው ንጥረ ነገር የሚሠራበትን ኢንዛይም አስፕሪን እስከ መጨረሻው ያበላሸዋል። ፕላትሌት ኒውክለስ ስለሌለው አዲስ ኢንዛይም መተካት አይችልም፤ ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ለሚሆነው ዕድሜው ሥራ እንደ ፈታ ይኖራል። በየቀኑ 75 ሚሊግራም የምትሆን ትንሽ ክኒን የምትበቃው በዚህ ምክንያት ነው።

ያው ኢንዛይም ግን በጨጓራ ውስጥም ሥራ አለው። እዚያ የሚሠራቸው ፕሮስታግላንዲኖች ጨጓራ በገዛ አሲዱ እንዳይቃጠል የሚሸፍነውን ልጋግ እንዲያመነጭ፣ አሲዱን የሚያረክስ ባይካርቦኔት እንዲያወጣ፣ ግድግዳውም በቂ ደም እንዲያገኝ ያደርጋሉ። አስፕሪን ይህንን ጥበቃ ሲያነሣ ጨጓራ ይጋለጣል፤ ሲቆስልም ደሙ ቶሎ አይረጋም። ልብን ያዳነው ያው ሥራ ሆድን አደማ ማለት ነው። ጉዳቱ በዋናነት በደም በኩል የሚመጣ ስለሆነ፣ ክኒኑ በጨጓራ ውስጥ እንዳይሟሟ ልዩ ሽፋን ስለተደረገለት ብቻ ከመድማት አያድንም። ብዙዎቻችን «የእኔስ ሽፋን ያለው ነው» እያልን የምንጽናናው በከንቱ ነው።

በትንሽ መጠን የሚወሰድ አስፕሪን ከላይኛው የምግብ መተላለፊያ የመድማትን ዕድል በግምት ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ያሳድጋል። ጉዳቱ ግን በሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም፤ ዕድሜ ትልቁ ሚዛን ነው። በ2017 የታተመውና 3,166 ሕመምተኞችን የተከታተለው የኦክስፎርድ ጥናት ከ75 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ መድማቱ ይበልጥ የተደጋገመና ይበልጥም ገዳይ ወይም አካለ ስንኩል የሚያደርግ መሆኑን አሳይቷል። ከዚህ የምንረዳው፣ በሃምሳ ዓመቱ አስፕሪን ጀምሮ ሃያ ዓመት ምንም ያልሆነ ሰው «ለምጄዋለሁ» ማለት እንደማይችል ነው። መድኃኒቱ አልተለወጠም፤ ሰውየው ተለውጧል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ከላይ የተነገረው ጥቅም የልብ ወይም የአንጎል ደም ሥር ሕመም አንድ ጊዜ ለደረሰባቸው ነው። ምንም ሕመም ሳይኖርበት «ለልብ ጥሩ ነው» ሲባል ሰምቶ ከሱቅ እየገዛ የሚውጥ አረጋዊ የተለየ ሒሳብ ውስጥ ነው። በ2018 ውጤቱ የወጣው፣ 19,114 ጤነኛ አረጋውያንን ያቀፈው የአውስትራሊያና የአሜሪካ ጥናት፣ ለእንዲህ ያሉት ሰዎች አስፕሪን የደም መፍሰስን ከመጨመር በቀር ይህ ነው የሚባል ጥቅም እንዳላስገኘ አረጋግጧል።

3. ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው እንግዳ

የእኛን ማኅበረሰብ በተለየ የሚመለከት ጉዳይ ሄሊኮባክተር ነው። ባክቴሪያው አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው በልጅነት ሲሆን፣ ካልታከመ ዕድሜ ልክ ይኖራል። በኢትዮጵያ የተደረጉት ጥናቶች ሲጠቃለሉ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ እንደያዘው ያመለክታሉ። በእንግሊዝ አገር ግን ቁጥሩ እጅግ ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ፣ በጎንደር ወይም በደሴ ያደገ ሰው ፓስፖርቱ ላይ የማይጻፍ እንግዳ በጨጓራው ይዞ ሂትሮው ሊያርፍ ይችላል።

ባክቴሪያውና አስፕሪን በአንድ ጨጓራ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን የመረመረ ትልቅ ጥናት በዚሁ አገር ተካሂዶ በ2022 ታትሟል። አስፕሪን ከሚወስዱ አረጋውያን መካከል 30,166ቱ በትንፋሽ ምርመራ ታይተው በ5,367ቱ ላይ ባክቴሪያው ተገኘ። ከፊሎቹ ባክቴሪያውን የሚያጠፋ የአንድ ሳምንት መድኃኒት፣ ከፊሎቹ ደግሞ መድኃኒትነት የሌለው አስመሳይ ክኒን ተሰጣቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመት ተኩል በቁስለት ደም ምክንያት ሆስፒታል የገቡት ከታከሙት መካከል 6፣ ካልታከሙት መካከል 17 ነበሩ። ጥበቃው ከዚያ በኋላ እየደከመ ሄዷል፤ ቢሆንም ትምህርቱ ግልጽ ነው። ለረጅም ጊዜ አስፕሪን የታዘዘለት ኢትዮጵያዊ «ያደግሁት ይህ ባክቴሪያ በብዛት በሚገኝበት አገር ነው፤ ልመረመር አይገባኝም ወይ?» ብሎ ሐኪሙን ቢጠይቅ ጥያቄው የሚገባ ነው። ምርመራው በትንፋሽ ወይም በሰገራ የሚደረግ ቀላል ነገር ነው።

4. ኒኮራንዲል፦ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ

በመግቢያችን ያነሣናቸውን አባት ያቆሰላቸው አስፕሪን አልነበረም። ኒኮራንዲል የተባለ፣ የልብን ደም ሥሮች በማስፋት የደረት ውጋትን የሚያስታግስ መድኃኒት ነው። መጀመሪያ የተሠራው በጃፓን ሲሆን፣ በብሪታንያ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሲታዘዝ ቆይቷል። በአሜሪካ ፈቃድ አላገኘም፤ ስለዚህ በዋሽንግተን ያለ ዘመድ ስሙን ሰምቶት ባያውቅ አያስደንቅም። በጥቅሙ ረገድ የሚታማ መድኃኒት አይደለም፤ 5,126 ሕመምተኞች የተካፈሉበትና በ2002 የታተመው የብሪታንያ ጥናት የልብ አደጋን እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ነገር ግን በ1990ዎቹ መገባደጃ ከፈረንሳይ የተጻፉ ሪፖርቶች መድኃኒቱ በሚወስዱ ሰዎች አፍ ውስጥ ትልልቅና የማይድኑ ቁስሎች መታየታቸውን ተናገሩ። በ2002 ደግሞ በስኮትላንድ የአበርዲን ሐኪሞች በፊንጢጣ ላይ የሚወጣ ቁስለትን ከዚሁ መድኃኒት ጋር አያይዘው ጻፉ። ቀጥሎም በአንጀት፣ በቆዳ፣ በብልትና በዓይን ላይ የታዩ ቁስሎች ተዘገቡ። የብሪታንያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2008 ሐኪሞችን አስጠነቀቀ፤ በጥር 2016 ደግሞ ኒኮራንዲል ለደረት ውጋት የመጀመሪያ ምርጫ መሆኑ ቀርቶ ሌሎች መድኃኒቶች ላልሠሩላቸው ወይም ለማይስማሟቸው ብቻ እንዲታዘዝ ወሰነ።

ይህ ቁስለት ከአስፕሪኑ በሦስት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ በአንድ ሰው ላይ በተለያዩ ቦታዎች በአንድ ጊዜ ወይም በተከታታይ ሊወጣ ይችላል፤ የአፉን ቁስል ጥርስ ሐኪም፣ የፊንጢጣውን ቀዶ ሐኪም፣ የቆዳውን የቆዳ ሐኪም እያየው አንዳቸውም ሙሉውን ሥዕል ሳያዩ ሊቀሩ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ በተጀመረ በሳምንታት ብቻ ሳይሆን ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ሦስተኛ፣ ቅባት ቢቀባ፣ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ቢወሰድ፣ ቀዶ ሕክምናም ቢደረግ፣ መድኃኒቱ ካልቆመ አብዛኛውን ጊዜ አይድንም። መድኃኒቱ ሲቆም በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይሽራል። በትልቁ አንጀት ግድግዳ ላይ ከረጢት መሰል እጥፋቶች ያሉባቸው ሰዎች አንጀታቸው የመበሳት አደጋ አለባቸው፤ ከአስፕሪን፣ ከሕመም ማስታገሻዎች ወይም ከስቴሮይድ ጋር ሲወሰድም አደጋው ይጨምራል።

ሌሎች የልብ መድኃኒቶችንም ባጭሩ መጥቀስ ይገባል። ሽንት ከሚያሸኑ መድኃኒቶች ጋር የሚታዘዘው የፖታሲየም ክኒን በጉሮሮ ቧንቧ ላይ ቆሞ ሊያቆስል ስለሚችል፣ ቀጥ ብሎ በመቀመጥ በብዙ ውሃ መዋጥ አለበት፤ ተኝቶ አይዋጥም። ዋርፋሪን ራሱ ቁስል አይቆፍርም፤ የተቆፈረውን ግን ያደማል። ይህ በተለይ የሚመለከተው በልጅነታቸው በቁርጥማት ትኩሳት ልባቸው ተጎድቶ የብረት ቫልቭ የተተካላቸውን ወገኖቻችንን ነው። በአገራችን የልብ ሕመም የአረጋውያን ብቻ ሳይሆን የወጣቶችም በሽታ የሆነው በዚሁ ትኩሳት ምክንያት ነው። እነዚህ ሰዎች ዋርፋሪን ዕድሜ ልካቸውን የሚወስዱ በመሆናቸው፣ ለወገብ ሕመም ብለው የሚውጡት አንድ የኢቡፕሮፌን ክኒን እንኳ ቀላል ነገር አይደለም።

5. ማቆም ወይስ መቀጠል?

እስካሁን የተባለውን ያነበበ ሰው ክኒኑን ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ለመወርወር ይቃጣው ይሆናል። የጽሑፋችን ዋና ነጥብ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በሆንግ ኮንግ የተደረገና በ2010 የታተመ አንድ ጥናት ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ለልብ ወይም ለአንጎል ደም ሥር ሕመም አስፕሪን ሲወስዱ ቁስላቸው ደምቶ በኢንዶስኮፒ የታከሙ 156 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ሁሉም ጨጓራን የሚጠብቅ ጠንካራ መድኃኒት እየወሰዱ፣ ግማሾቹ ወዲያው ወደ አስፕሪናቸው ተመለሱ፤ ግማሾቹ አስመሳይ ክኒን ወሰዱ። እንደተፈራው፣ አስፕሪን ከቀጠሉት ይበልጥ ሰው እንደገና ደማ፤ 10.3 በመቶ ከ5.4 በመቶ ጋር ሲነጻጸር። ሞትን በተመለከተ ግን ሒሳቡ ተገለበጠ። በስምንት ሳምንት ውስጥ ከቀጠሉት የሞቱት 1.3 በመቶ ሲሆኑ፣ ካቋረጡት የሞቱት 12.9 በመቶ ነበሩ። ሆዳቸውን ያተረፉ መስሏቸው ልባቸውን አጡ ማለት ነው።

ይህ ማለት አስፕሪን በፍጹም አይቋረጥም ማለት አይደለም፤ ሕመም ሳይኖርበት የሚወስደው ሰው ቢያቆመው ሊሻለው ይችላል። ማን ይቀጥል፣ ማን ያቁም፣ ለስንት ቀን፣ በምን ተተክቶ የሚለው ግን ሕመምተኛው ብቻውን በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሚወስነው ጉዳይ አይደለም። ኒኮራንዲልም ቢሆን፣ ቁስል ሲመጣ መቆም ያለበት ቢሆንም፣ የደረት ውጋቱ እንዳይብስ የሚቆመው በልብ ሐኪም ክትትል ሥር፣ ሌላ መድኃኒት ተተክቶ ነው።

«አስፕሪኑ ካስቸገረ በክሎፒዶግሬል ልተካው» የሚለው ሐሳብም እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። በ2005 የታተመ ሌላ የሆንግ ኮንግ ጥናት፣ ቁስላቸው ደምቶ ከዳነላቸው 320 ሰዎች መካከል ክሎፒዶግሬል ብቻውን ከወሰዱት በአንድ ዓመት ውስጥ 8.6 በመቶው እንደገና ሲደሙ፣ አስፕሪንን ከአሲድ አጋጅ መድኃኒት ጋር ከወሰዱት ግን የደሙት 0.7 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል።

6. ጨጓራን የሚጠብቁ መድኃኒቶች

ልብና ጨጓራ በመድኃኒት ታሪክ ውስጥ አንድ ታላቅ ሰው ይጋራሉ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላክ በ1960ዎቹ ፕሮፕራኖሎል የተባለውን የልብ መድኃኒት፣ በ1970ዎቹ ደግሞ የጨጓራን አሲድ የሚቀንሰውን ሲሜቲዲን ፈልስፈዋል፤ በ1988 የኖቤል ሽልማት ሲሰጣቸው በለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ያስተምሩ ነበር። ከሲሜቲዲን ቀጥሎ የመጡትና ዛሬ በብዛት የሚታዘዙት ኦሜፕራዞልና ላንሶፕራዞል ከእርሱ ይበልጣሉ። ከላይ የጠቀስነው የኦክስፎርድ ጥናት እነዚህን መድኃኒቶች ከአስፕሪን ጋር መስጠት አንድ ከባድ ወይም ገዳይ መድማት ለመከላከል ስንት ሰው ማከም እንደሚጠይቅ አስልቶ ነበር፤ ለአምስት ዓመት ሲሰጥ ከ65 ዓመት በታች 338 ሰው፣ ከ85 ዓመት በላይ ግን 25 ሰው ብቻ። ስለዚህ በዕድሜ የገፋ የአስፕሪን ተጠቃሚ ጠባቂ መድኃኒት ካልታዘዘለት ምክንያቱን መጠየቅ መብቱ ነው።

እዚህም ላይ ግን ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። ኦሜፕራዞልና ኢሶሜፕራዞል ክሎፒዶግሬል በጉበት ውስጥ ወደሚሠራ መልክ እንዳይለወጥ ስለሚያደናቅፉ፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በ2010 ሁለቱን ከክሎፒዶግሬል ጋር ማዘዝ እንዳይመረጥ መክሯል፤ በምትካቸው ላንሶፕራዞል ወይም ሌላ ይሰጣል። ሁለተኛው ነገር በቀጥታ እኛን ይነካል። ኦሜፕራዞልን የሚያፈራርሰው የጉበት ኢንዛይም ከሰው ሰው በዘር ይለያያል። በ2006 በስዊድን ተመራማሪዎች የታተመ ሥራ ኢንዛይሙን የሚያፈጥነው የዘር ዓይነት በኢትዮጵያውያንና በስዊድናውያን ዘንድ ከመቶ የዘር ቅጂዎች በ18ቱ፣ በቻይናውያን ዘንድ ግን በ4ቱ ብቻ እንደሚገኝ አሳይቷል። ይህ ዘር ያለው ሰው ኦሜፕራዞሉን ቶሎ አቃጥሎ ይጨርሰዋል፤ የተለመደው መጠን ላይበቃው ይችላል። «መድኃኒቱ አልያዘኝም» የሚል ወገን ሁሉ አጉል አማራሪ አይደለም ማለት ነው። ሆኖም መጠኑን የሚጨምረው ሐኪም ነው፤ እነዚህ መድኃኒቶችም ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ በደም ውስጥ ያለውን ማግኒዥየም ሊቀንሱ፣ ይህም የልብን ምት ሊያዛባ ይችላልና።

መደምደሚያ

ከላይ ከተዘረዘረው ለኑሮ የሚጠቅመው ጥቂት ነው፤ ጥቂትነቱም እንዳይዘነጋ ይረዳል። የቆሰለ አፍ፣ የማይድን የፊንጢጣ ቁስል፣ ወይም አዲስ የሆድ ሕመም ሲመጣ በርበሬውን ከመክሰስ በፊት የመድኃኒቱን ዝርዝር ማየት ይገባል። ከሱቅ የሚገዛውን የሕመም ማስታገሻ፣ ከአገር ቤት የሚላከውን ባህላዊ መድኃኒትም ጭምር ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። ኢቡፕሮፌን ጨጓራን ከማቁሰሉ ሌላ አስፕሪን ለልብ የሚሰጠውን ጥበቃ ሊያሰናክል ይችላል። እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ ሰገራ፣ ደም ወይም የቡና አተላ የሚመስል ትውከት፣ ከድንገተኛ ማዞርና ላብ ጋር ሲመጣ ቀጠሮ የሚጠበቅበት ነገር አይደለም፤ ወዲያው 999 ይደወላል። በአረጋውያን ዘንድ ቁስሉ ምንም ሕመም ሳያሳይ በመድማት ሊጀምር እንደሚችልም መታወቅ አለበት። በጾም ወራት መድኃኒቱን ወደ ዘጠኝ ሰዓት የሚያሸጋግር ምእመን፣ በረመዳንም እስከ ማታ የሚያቆይ ሙስሊም፣ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ ቢመክርበት ከጾሙም ከጤናውም ሳይጎድል ይኖራል።

ከሁሉ በላይ ግን መናገር ነው። የኒኮራንዲል ጉዳት የታወቀው አንድ ታላቅ ጥናት አስቀድሞ ስላገኘው አይደለም። በየቦታው ያሉ ሕመምተኞች ያፈሩበትን ቁስል ስላሳዩ፣ ሐኪሞችም አንድ በአንድ ጽፈው ስላስቀመጡት ነው። በዚህ አገር ከ1964 ጀምሮ የመድኃኒት ጉዳት የሚመዘገብበት «ቢጫ ካርድ» የተባለ ሥርዐት አለ፤ ከ2005 ወዲህ ሐኪም ብቻ ሳይሆን ሕመምተኛው ራሱ ሊያስታውቅበት ይችላል። ዝም ያለ ሕመምተኛ ራሱን ብቻ አይጎዳም፤ ከእርሱ በኋላ ያንኑ ክኒን የሚውጠውን ሰውም ምስክር ያሳጣዋል። ስለ አገራችን በደል ለመመስከር ያላፈርን ሰዎች ስለ ገዛ ሰውነታችን ለመመስከር ልናፍር አይገባም።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ደግሞ የሚናገሩበት አፍ ያስፈልጋቸዋል። ልጅ ለወላጁ የሚያስተረጉመው በፍቅር ነው፤ ነገር ግን በልጅ ፊት የማይነገር ነገር አለ። በብሔራዊ ጤና አገልግሎት ውስጥ ቤተሰብ ያልሆነ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ መጠየቅ እንደሚቻል ለአረጋውያኑ ማስታወቅ፣ የማኅበሮቻችንም የዕለት ሥራ ሊሆን ይገባል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት አበው ትክክል ናቸው። እኛ የምንጨምርበት፣ መድኃኒቱ ራሱ በሽታ ባመጣ ጊዜም መደበቅ መፍትሔ እንደማይሆን ብቻ ነው። ያነሣናቸው ጋሼ ኒኮራንዲሉ በሐኪም ክትትል ተቀይሮላቸው ከወራት በኋላ ሁለቱም ቁስሎች ሽረውላቸዋል። ባለፈው ስንገናኝ በርበሬ የበዛበት ዶሮ ወጥ ፊታቸው ቀርቦ ነበር፤ «ይህን ሁሉ ጊዜ በሐሰት ከስሼው ኖሬያለሁ» እያሉ ቆረሱ።